ምርቃት ያልቀደመው አሜን

በእህቴ ቤት፣ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሰዎች አሜን ይሉ ነበር። አሜን የሚሉለት ምርቃት ግን አይሰማም ነበር። ከዚህ ዓለም ከተለዩ ብዙ ዓመት ያለፋቸው የእህቴ ባል ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማይክሮፎኑን ገና ያልተተከለ ችግኝ ይመስል በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጢማቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም። ከንፈራቸው ሲያርፍ ከዙሪያቸው የብዙ ሰው አሜን መጥቶ ሳሎኑን ሞልቶ ይመለሳል። ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ እንደገና አሜን። ከውኃ በታች የሚደረግ ሠርግ ይመስል ነበር።

«ሬጋ፣ ሬጋ፣» አለች የእህቴ የልጅ ልጅ፣ ቆይ ማለቷ ነው። «አባባ፣ ድምፁን ዘጋኸው እንዴ?» በዕብራይስጥ ስላደገች አንቱታ አታውቅም፤ እኔም ከእሷ አፍ ሲሆን አልቀየምም።

«ሰዉማ እየተሰማ ነው፤» አለች እህቴ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ። «የማይሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። በሕይወታቸውም እንዲህ ነበሩ፤ ሰው ሲበዛ ድምፃቸው ይጠፋ ነበር።»

እኔ ግን በቤቴ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፃቸውን ከነመጎርነኑ ሰምቼ ነበር። ቢያንስ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰምቻለሁ ብዬ አምን ነበር። ሁለቱ ሴቶች ዘወር ብለው ሲያዩኝ፣ የሰማሁት ድምፅ ከኮምፒዩተሩ ይምጣ ወይስ ከትዝታዬ መለየት አቃተኝ። በእኔ ዕድሜ ከትዝታ የሚመጣው ድምፅ ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ጥራቱ ነው።

ካሴቱ የተቀረጸው ወደዚህ አገር በመጣን በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ስትዳር ነው። ሠርጉ የተደረገበት አዳራሽ የትምህርት ቤት ይሁን የሌላ አልመሰክርም፤ በምስሉ ዳር የቅርጫት ኳስ መረብ ይታያል። በዚያ ሠርግ ላይ አባትዬው ልጃቸውን ሲመርቁ እንዲህ አሉ ይባላል፤ «የገባሽበት ቤት ይስፋሽ፤ የወጣሽበትም ደጅ አይዘጋብሽ።»

ይህ ቃል በቤተ ዘመዱ ዘንድ እንደ ሕግ ኖሯል። በእኛ ልማድ ልጁን የሚድር አባት እንድትጸና፣ እንድትወልድ፣ እንድትከበር ይመርቃታል እንጂ የመመለሻዋን ነገር አያነሣም። እሳቸው ግን አንሥተዋል ተባለ፤ ሕዝቡም አሜን ብሏል። ዓመታት አልፈው ያች ልጅ ትዳሯ ፈርሶ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ዶራ በሚባለው ሰፈር ካለው ከወላጆቿ ቤት ደጃፍ ስትቆም ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። ትመለስ፤ ሽማግሌ ይላክ፤ ነገሩ ያሳፍራል። አባትዬው በሩን እስከ ግድግዳው ከፈቱና፣ «አይዘጋብሽ ብያለሁ፤ አሜንም ተብሏል። እንግዲህ እናንተ ምን ልትሉ ነው?» አሉ። ይህን ማለታቸውን በቦታው ስለነበርሁ አውቃለሁ፤ ወይም በቦታው የነበርሁ እስኪመስለኝ ድረስ ተነግሮኛል።

በእቅፍ የገባችው ሕፃን ናት እንግዲህ አሁን የምታገባው፣ ድምፁን ዘጋኸው እንዴ ያለችኝ፤ እዚያው ዶራ፣ በእህቴ እጅ ያደገችው። ካሴቱን ያመጣችልኝም እሷ ነበረች።

«እኔ የገባሁት በዚያ ቃል ነው፤» አለችኝ። «ሳባ እኔን ሳይመርቀኝ ሞተ። በኡላሙ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በራሱ አፍ ይበለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ሳባ የምትለው አያቷን ነው፤ ኡላሙ ደግሞ ኤቨን የሁዳ ውስጥ የተከራዩት የሠርግ አዳራሽ ነው።

ሥራው ወደ እኔ የመጣው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ስለለመድሁ ነው። በሥራ ዘመኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። የተባለውን ብቻ መናገር፣ የመሰለኝን አለመጨመር፣ የሙያዬ መጀመሪያም መጨረሻም ነበር። ቪዲዮን ስጀምር የወደድሁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ምስሉ የተባለውን ይዟል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ማሳጠር ነው ብዬ አስብ ነበር።

ካሴቱን በገበያው አቅራቢያ ባለ ፎቶ ቤት ወደ ፋይል አስቀየርሁና ሥራ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ሰዎቹ ሁሉ ሰፍተው ወጡ። የድሮ ካሴት ምስል ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የዛሬውን ሰፊ ስክሪን ለመሙላት ጎትቶ አወፈራቸው።

«ያኔ ከሳ ብለን አልነበር እንዴ?» አለች እህቴ። «ማን ቀለበን?»

መጠኑን ወደ ጥንቱ ስመልሰው በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍት ቦታ ቀረ። ሙሽራዪቱ ጥቁሩን አልወደደችውም፤ የሐዘን መሰላት። እህቴ ግን፣ «ይሁን፤ ከመወፈር ይሻላል፤» ብላ ፈረደች። ቀጥሎ ከምስሉ ግርጌ የሰዎቹን ስም ያሰፈርሁበት የአማርኛ ጽሑፍ በእህቴ ቴሌቪዥን ላይ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ፊደላችንን አያውቀውም። ጽሑፉን በተለየ ፋይል መላኩን ትቼ፣ የተጠናቀቀውን ፋይል ሳወጣ፣ ኤክስፖርት ሳደርግ፣ ከምስሉ ጋር አብሮ እንዲታተም አደረግሁ፤ ያኔ ፊደሉ የምስሉ አካል ስለሚሆን የሚያጠፋው የለም። እነዚህ ስሕተቶች አድካሚ ቢሆኑም ምክንያታቸው የሚታይ ነው። የድምፁ መጥፋት ግን ምክንያቱ የማይታይ ነበር። በቤቴ በጆሮ ማዳመጫ አለ፣ ቃሉ ግን ተውጦ አይለይም፤ በእህቴ ቤት የለም። በስልኬ ድምፅ ማጉያም የለም።

«እንግዲያስ ጻፈው፤» አለችኝ ሙሽራዪቱ። «በዚያ ቀን ነበርክ እኮ። ሳባ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አንተ ከታች ቃሉን ጻፍ።»

ሞከርሁ። እኔ መጀመሪያ ስለ ዘር ተናገሩ እላለሁ፤ እህቴ የለም ስለ አገሩ ነው ትላለች። የሙሽራዪቱ እናት፣ ያኔ የተመረቀችው ራሷ፣ ራሷን ደፍታ ታለቅስ ስለነበር ከድምፁ ሙቀት በቀር የያዘችው የለም። ሁላችንም ሳንለያይ የምንናገረው ያንኑ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አይዘጋብሽ። ዓይኔን ስጨፍን የእሳቸው ከንፈር ያን ቃል ሲል አያለሁ፤ ጢማቸው ላይ ያለው ሽበት እንኳ ይታየኛል። ነገር ግን የጻፍሁትን መልሼ ሳነበው፣ የሌለ ሰው አስተርጓሚ ሆኜ ያልሰማሁትን የተረጎምሁ መሰለኝና አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ዳር ገደል አናት ላይ፣ ውኃው ወለል ብሎ በሚታይበት አግዳሚ መቀመጥ ልማዴ ነው። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ በስልኬ ያንኑ ፋይል አዳምጣለሁ። በጆሮ ማዳመጫው የሚመጣው የእሳቸው ድምፅ ቦታ የለውም፤ ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ከራስ ቅሌ በስተኋላ፣ ባዶ እንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነው። ነፋሱ መጣና አንገቴን ሳዞር የግራው ማዳመጫ ከጆሮዬ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት ድምፁ ተሰበሰበ። ሰው ሆነ። ከቀኝ ትከሻዬ አጠገብ የቆሙ ያህል ትንፋሻቸውን ሰማሁ። የግራውን መልሼ ስሰካው ወደ እንስራው ተመለሱ።

ደጋግሜ ሞከርሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት አንድ ጆሮዬን ስከፍትና ስዘጋ አይተው ጥቂት ፈቀቅ አሉ።

ነገሩ ቤት ገብቼ ስመረምረው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ድምፁ የተቀዳው በሁለት መስመር፣ በግራና በቀኝ ነው። ምናልባት ያኔ ማይክሮፎኑን ከካሜራው ያገናኘው ሽቦ በአንድ ወገን ተገልብጦ ይሆናል፤ የእሳቸው ድምፅ ሞገድ በአንዱ መስመር ሽቅብ ሲወጣ በሌላው ቁልቁል ይወርዳል። በሁለት ጆሮ ተለያይተው ሲሰሙ ሁለቱም አሉ። እንደ እህቴ ቴሌቪዥን ወይም እንደ ስልክ ሁለቱን አንድ አድርጎ በሚያወጣ ማጉያ ግን፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስዳል፤ የሚተርፍ የለም። የሕዝቡ አሜን ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሆነ በሁለቱ መስመሮች እኩል አይደለም፤ ስለዚህ አይጠፋፋም። መፍትሔው የግራውን መስመር አጥፍቶ የቀኙን ለሁለቱም ማካፈል ነው። ይህን አድርጌ የጆሮ ማዳመጫውን ነቀልሁና በክፍሉ ማጉያ ከፈትሁት።

የእህቴ ባል ቤቴ ውስጥ ተናገሩ።

«የደረስሽበት ምድር ይቀበልሽ፤» አሉ። አሜን። እህቴ ትክክል ነበረች፤ ስለ አገሩ ነው የጀመሩት። «ጉልበትሽ አይዛል፤ ማጀትሽ አይጉደል።» አሜን። «ዘርሽ እንደ ሰማይ ኮከብ ይሁን።» አሜን። ከዚያ ዝም አሉ። ማይክሮፎኑን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉት። ዝምታው ረዘመ። ከዝምታውም በኋላ፣ ከሁሉ የሚበልጥ፣ የሴቶች ድምፅ የበዛበት አሜን ተሰማ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ፤» ብለው ጨረሱ። አሜን።

ያ ቃል በውስጡ አልነበረም።

መልሼ አየሁት። ቀስ አድርጌ፣ ምስል በምስል እየገፋሁ አየሁት። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከንፈራቸው የተገጠመ ነው። ዓይናቸው ግን ከካሜራው ውጭ ወደ ግራቸው ይመለከታል፤ እዚያ ማን እንዳለ አይታይም። የዝምታውን ድምፅ ከፍ አደረግሁት፤ ከፍ ባደረግሁት ቁጥር የሚያድገው የካሴቱ ሹክታ ነበር፤ ከገደሉ ሥር እንደማውቀው የባሕር ሞገድ፣ የሚመጣና የሚመለስ። በውስጡ የሰው ቃል አለ ለማለት አልደፍርም፤ የለም ለማለትም አልደፍርም። ወደ አርባ ዓመት የቀረበ ጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ ሲናገር የኖረው ከንፈር ግን በምስሉ ላይ ዝም ብሏል። ምስሉን ዘጋሁት። እህቴ ልጇን ያስገባችበት፣ ያች ሕፃን ያደገችበት ቃል ያልተባለ ከሆነ፣ ለሙሽራዪቱ ምን አድርሼ ልሰጥ ነው?

ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ዝምታን ይቆርጣል፤ ተመልካች ይሰለቻልና። ባለቤት የሌለውን አሜንም ከነዝምታው ቆርጬ ጫፍና ጫፉን ገጠምሁ። ሲገጠም የእሳቸው ራስ ዘለል ስለሚል፣ መገጣጠሚያውን በከበሮ መቺው ምስል ሸፈንሁት፤ ድምፁ ከሥር ይቀጥላል፤ ዓይን ከበሮውን ሲያይ ስፌቱን አያይም። ሥራው ንጹሕ ሆነ። ያ ቃል በምርቃቱ ውስጥ እንደሌለ ግን ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ፤ ለእህቴ።

ብቻዋን ባለችበት ረፋድ ሄድሁና ቴሌቪዥኑን ከፈትሁላት። የባሏ ድምፅ ሲወጣ እጇን ከጉልበቷ አንሥታ አፏ ላይ አደረገች። አላለቀሰችም። እያንዳንዱን ምርቃት በከንፈሯ ተከተለች። ከበሮው ሲመጣ ፊቷን ቋጠረች።

«መልሰው።»

መለስሁት።

«ያችን አሜን የት አደረስካት?»

«የቷን አሜን፣ እትየ?»

«ትልቋን። ሴቶቹ ያሉባትን። ከበሮ ደርበህባት አጠፋሃት።»

የቆረጥሁት ከምርቃት በኋላ ስላልመጣ መሆኑን አስረዳኋት። ድምፄ በሥራ ዘመኔ ፍርድ ቤት ቆሜ የማወጣውን ድምፅ ሳይመስል አልቀረም። «እትየ፣ ሁላችንም የምንለውን ቃል ጋሼ አላሉትም። ከንፈራቸውን መርምሬያለሁ። በዚያ ቦታ ዝም ነው ያሉት።»

እህቴ ወደ ምስሉ ዞረች። ባሏ ስክሪኑ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ታዲያ ሰዉ ለምን አሜን አለ?» አለችኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«አንተ ሰነፍ አይደለህም፤ ትምህርትህም ብዙ ነው፤» አለች። «ግን የት ነበርክ በዚያን ጊዜ?»

«ከበሮው አጠገብ የነበርሁ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ትላለህ። ከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው ምን ይሰማል? ከበሮ ነው የሚሰማ።» ሳቅ አለች፤ ከዚያ ሳቁን ተወችው። «አሜኗን መልሳት። ዝም ያሉበትንም እንዳለ ተወው። አንድም አትጨምር፣ አንድም አትቀንስ።»

«ልጅቱ ግን ያን ቃል ነው የምትጠብቀው።»

«አውቃለሁ የምትጠብቀውን። አሳድጌያታለሁ እኮ።»

ሌላ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንድጠይቀው የማይፈልግን ሰው ዝምታ ከብዙ ዓመት የአስተርጓሚነት ሥራ አውቀዋለሁ። ቤቴ ገብቼ የከበሮውን ምስል አነሣሁ፤ ዝምታውንና አሜኑን ወደ ቦታቸው መለስሁ። በመጨረሻው ኤክስፖርት ድምፁን አስቀድሜ ወደ አንድ መስመር አጠቃለልሁት፤ በአዳራሹ ማጉያ እንደገና እንዳይጠፋ። ፋይሉንም በስልክ መላላኪያው እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ሰነድ ላክሁት፤ ያለዚያ ጨምቆ ያደበዝዘዋል። ለሙሽራዪቱ ድምፁ ተገኝቷል ብቻ አልኋት። ቃሉ አለ አላልኋትም፤ የለምም አላልኋትም። ያን ሰሞን እንቅልፌ ቀላል ነበር፤ በሕልሜ የሰዎች ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ማን ምን እንዳለ ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት በኤቨን የሁዳ አዳራሽ ዲጄው ሙዚቃውን አቆመና መብራቱ ደበዘዘ። ሙሽራዪቱ ከእህቴ ወንበር አጠገብ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች። እናቷ ከኋላዋ ነበረች። ግድግዳውን በሞላው ሸራ ላይ፣ በሁለት ጥቁር ዳር መካከል፣ አያትዬው ማይክሮፎናቸውን ያዙ።

«የደረስሽበት ምድር ይቀበልሽ።»

በአዳራሹ ከሁሉም ማዕዘን ጥርት ብሎ ተሰማ። በሸራው ላይ ያሉት አሜን አሉ፤ ከእነሱ ጋር በወንበር ያሉት ሽማግሌዎች አሜን አሉ። ብዙዎቹ ያኔም የነበሩ ናቸው፤ ጥቁር ጠጉራቸው በሸራው ላይ፣ ነጩ ከፊት ለፊቴ። ጉልበትሽ አይዛል አሉ፤ አሜን። ስለ ኮከብ አሉ፤ አሜን። ወጣቶቹም ቀስ በቀስ ተቀላቀሉ።

ከዚያ ማይክሮፎኑ ዝቅ አለ። ዝምታው መጣ። ከአጠገቤ አንድ ወጣት ፊልሙ የተበላሸ መስሎት ወደ ዲጄው ዞረ። ሙሽራዪቱ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል ትጠብቅ ነበር። አያትዬው በሸራው ላይ ወደ ግራቸው ተመለከቱ።

እህቴ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ድምፅዋንም ብዙ ከፍ ሳታደርግ፣ «የገባሽበት ቤት ይስፋሽ፤ የወጣሽበትም ደጅ አይዘጋብሽ፤» አለች።

በሸራው ላይ ያሉት ሁሉ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ አሜን አሏት።

ዘግይታ የገባች አልነበረችም፤ ቀድማም አልነበረችም። ዝምታው ለቃሏ ልክ ነበር፤ ተለክቶ የተሰፋ ያህል። ያኔ ያለችው እሷ እንደነበረች፣ እሳቸው ማይክሮፎኑን ዝቅ ያደረጉት ለእሷ እንደነበር፣ ቃሏም ከማይክሮፎኑ ስለራቀ በካሴቱ እንዳልገባ፣ እኔ ከበሮው አጠገብ ቆሜ ከሰው አፍ የሰማሁትን በእሳቸው ከንፈር ላይ እንዳኖርሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝ ስል የማረጋገጥበት ሌላ ምስክር የለኝም። በሩን የከፈቱ ጊዜ «ብያለሁ» ማለታቸውንም አሰብሁ፤ ረስተው ይሆን፣ ወይስ የሚስት ቃል ዘመዱን እንደማይመልሰው አውቀው የራሳቸው አድርገውት ይሆን፣ አላውቅም። እህቴም ይህን ሁሉ ዓመት የሳቸው ነው ሲባል ዝም ብላለች።

ሙሽራዪቱ ከሸራው ዞራ አያቷን ታይ ነበር።

«ሳፍታ፣» አለቻት፤ አያቴ ማለቷ ነው። «አንቺ ነሽ?»

«አሜን በይ፤ ያልፍብሻል፤» አለች እህቴ።

ልጅቱ አሜን አለችና ቀሚሷን ረስታ ወለሉ ላይ፣ ከእህቴ እግር ሥር ተቀመጠች። በሸራው ላይ እግዚአብሔር ይከተልሽ ተብሎ ምርቃቱ አለቀ።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዪቱ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። በአዳራሹ አንዱ እንግዳ በስልኩ ቀርጾ ስለነበር፣ የእህቴ ድምፅ በጉልህ ተይዟል። ያን ወስጄ በዝምታው ውስጥ እንዳስገባላት ፈለገች፤ አያቶቿ ሁለቱም በአንድ ፊልም እንዲመርቋት። ሠራሁት። አስቸጋሪ አልነበረም፤ ድምፁ ልክ ገባ፤ የአዳራሹን ማስተጋባት ቀነስሁ፤ ሰምቶ አዲስ ነው የሚል አይኖርም። ሁለቱን ቅጂዎች፣ የተሞላውንና እንዳለ የተተወውን፣ ይዤ ዶራ ሄድሁና እህቴን አስመረጥኋት። የተሞላውን ሰምታ፣ «ጥሩ ነው፤» አለች፤ ድምፅዋ እንዳረጀም ቀለደች።

«ታዲያ የትኛውን ልስጣት?»

«ባዶውን፤» አለች። «ነገ ሴት ልጅ ትወልድ ይሆናል። ባዶውን ስጣት፤ አፍ አላት።»